ኮቱን ጥሎ የሄደው ወንድም

እሁድ፣ ኅዳር 14 ቀን
ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ? ብርዱስ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ደህና ነው። የመጋረጃው ሥራ አልቀነሰም፤ ሰው ቤት በቀየረ ቁጥር አዲስ መስኮት ይለካል። ግራጫ ኮትህ ከበሩ ኋላ ሚስማሩ ላይ እንዳለ ነው። ገበሩ ተቀዶ ስላገኘሁት ከትርፍ ጨርቅ ሌላ ገበር አግብቼበታለሁ።

ይህን የምጽፈው በመስኮቱ በኩል ባለው መስፊያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማሽኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ። ጽሕፈቴ ቀርፋፋ እንደሆነ ታውቃለህ። ትምህርት ያቋረጥኩት እጄ ብዕር በደንብ ሳይለምድ ነው። አንተም ቀስ ብለህ አንብበው።

ያልደወልኩልህ ተቀይሜ አይደለም። ባለፈው ስትደውል «እማ፣ እንዴት ቻልሽ?» ብለህ ዝም አልክ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ኔትወርኩ ተበላሸ ብለህ ዘጋህ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ስልኩን አጠገቤ አስቀምጬ እሰፋለሁ፤ አይጠራም። ስልክ ላይ ሁለታችንም ዝም ማለት እንችላለን። ደብዳቤ ላይ ግን ዝም ካሉ ወረቀቱ ባዶውን ይቀራል። መጻፌ ለዚህ ነው።

አክስትህ የነገረችህ እውነት ነው። ፊልም አያለሁ። ልብ ወለድም አንብቤያለሁ። ሙዚቃም እሰማለሁ። እህትህ ካረፈች ዓመት ሳይሞላት ቤታችን ዘፈን ይሰማል ካለችህ አልዋሸችም። ዘፈኑ እስከ መንገድ ይደርሳል ማለቷ ግን ስህተት ነው። እስከ መንገድ የሚደርሰው የእሷ ጆሮ ነው።

እንዴት ቻልሽ ላልከኝ፣ እንዴት እንደቻልኩ ልንገርህ።

መጀመሪያ አልቻልኩም። ከሥራ እመጣለሁ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ከተዘጋው ቴሌቪዥን ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። በስተቀኝ የእህትህ፣ የዳኛዋችን ወንበር አለ። ብርድ ልብሷን አጣጥፌ እዚያው አድርጌዋለሁ። ሌላ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ከእኔ ጋር መጋረጃ የምትሰፋው፣ ያቺ በቁመቷ «አዝራር» የምንላት፣ ሳትጠራ መጣች። ትንሽ አጠገቤ ተቀመጠችና «እቱ፣ ጥቁር መስታወት ከምታዪ ሰው እዪበት» አለችኝ። ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ ሰካችው።

ፊልሙ የሚያስቅ ነበር። አንድ ሹፌር ሙሽሮችን ጭኖ ሌላ ሰው ሠርግ ላይ ያራግፋቸዋል፤ ድግሱ ስለጣማቸው ሙሽሮቹም ዝም ይላሉ። የሌላው ሠርግ ሽማግሌ ተነስተው ሙሽራውን «ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ» ሲሉት ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ። አዝራር አየችኝ። ድምፁን ብቻ ጨመረችው። እንዲህ ነው የቻልኩት፣ ልጄ። በአንድ ቀን አይደለም።

ስለዚያ ፊልም ያለኝ ሐሳብ፦ ሹፌሩ ጥሩ ነው፣ መሪ ሲይዝ በእውነት የነዳ ሰው ይመስላል። ሙሽሪት ግን ስታለቅስ ዓይኗ አይረጥብም። ለማልቀስ ከከፈሏት ትንሽ ማርጠብ ነበረባት።

ቀጥሎ ያመጣችልኝ የድሮ ነገሥታት ፊልም ነው። ሁሉም ሰው ወዶታል አሉ። እኔ ብዙም አልገባኝም፤ ጥፋቱ ግን የመጋረጃው ነው። ንጉሡ ሊሞት አልጋው ላይ ይንፈራገጣል፣ መኳንንቱ ያለቅሳሉ፣ ከኋላው የተሰቀለው መጋረጃ ደግሞ ጠርዙ ሳይዘመዘም ክሩ ተንጠልጥሏል። ዓይኔ ከክሩ አልነቀል አለ። ዳኛዋ ብትኖር «እማ፣ ሰው እየሞተ ነው እኮ» ትለኝ ነበር። እኔም «በዚህ መጋረጃ ሥር አልሞትም» እላት ነበር። ይህን ለአዝራር ነገርኳት፤ ሳቀች። ግን የሳቀችው እንደ ዳኛዋ አይደለም።

ልብ ወለዱን ያዋሱኝ ከታች ያሉት ጡረተኛው መምህር ናቸው። መጀመሪያ ሊሰጡኝ አልፈለጉም። ውስጡ ልጇ የሞተባት እናት ስላለች ነው። እኔ ግን ስጡኝ ብዬ ተቀበልኳቸው። ድሮ ዳኛዋ እያነበበችልኝ እሰፋ ነበር፤ አሁን መስፋቱን ትቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ጎበዝ መጽሐፍ ነው። አንድ አጥር የሚጠግን ሽማግሌ አለበት፣ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ አጠገባቸው የቆምክ ይመስልሃል። እናትየዋን ግን አላመንኳትም። ገጽ እስኪያልቅ ታለቅሳለች፣ እህል ውሃ የላትም፣ ግድግዳ ትደገፋለች። ማልቀሱስ እሺ። ግን በሦስተኛው ቀን እናት የልጇን ልብስ ከሚታጠበው ልብስ ዘንቢል ውስጥ ታገኘዋለች። ብታጥበው ሽታው ይሄዳል፤ ባታጥበው ሻጋታ ይበላዋል። መጽሐፉ ስለዚህ ነገር አንድ መስመር የለውም። ደራሲው አዋቂ ሰው ነው፤ ይሄ ግን አልደረሰበትም፣ አይድረስበትም።

መጽሐፉን ስመልስ መምህሩ «እንዴት አገኙት?» አሉኝ። መጨረሻው ጨለመብኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ፣ ጥሩ መጨረሻ ማለት የሚያሳምም ነው» አሉኝ።

«የሚያሳምምማ እኛም ቤት ሞልቷል፣ መምህር» አልኳቸው። «ለዚያ ብዬ መጽሐፍ አልዋስም።»

ደንገጥ አሉ፤ በኋላ ግን ሳቁ። ሻይ አፈሉልኝ። ከዚያ ወዲህ ቀለል ያለ ይመርጡልኛል።

ሙዚቃውን በተመለከተ፣ አንተና ዳኛዋ የምትሰሙትን ድሮም አልወደውም ነበር፤ ዛሬም አብዛኛውን ድስት የወደቀ ይመስለኛል። ክፍሏን ሳጸዳ ስልኳን ሞላሁትና መጨረሻ ስትሰማ የነበረውን ከፈትኩ። አንዲት ዘፋኝ ናት፣ በአንድ ክራር ብቻ የምትዘፍን። ዘፈኑ መካከለኛ ነው። ግጥሙ ስለ ፍቅር ነው፤ አዲስ ነገር የለውም። ግን ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ሙሉ ትንፋሽ ነው፣ ሳይቆራረጥ እስከ ታች የሚወርድ። እሱን እሰማና መልሼ ከመጀመሪያው እከፍተዋለሁ። አክስትህ «አንድ ዘፈን ሲደጋገም ዋለ» ያለችህ ይሄን ነው። ዘፈኑ እንኳ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የዳኛዋ ላፕቶፕ መሳቢያው ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። እኔ ሁሉንም በቴሌቪዥን የማየው እሱን ላለመንካት ነው። አዝራር ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ጨዋታችንን ከሥሩ ማስረዳት ነበረብኝ። ፊልም ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እናቆመዋለን፣ ሁሉም በየተራው መጨረሻውን ይገምታል፣ ቃል ከአፍ ከወጣ አይቀየርም፣ ሁሉም ሳይናገር ፊልሙ አይቀጥልም፣ የተሳሳተ ሳህን ያጥባል አልኳት። አንተ ከሄድክ በኋላ ሳህን በስልክ አይታጠብም ተብሎ፣ ስትሸነፍ እንድትዘፍን እንደተፈረደብህም ነገርኳት። ድምፅህ ዘይት እንዳጣ በር መሆኑንም አልደበቅኩም። ዳኛዋ «ይድገመው» የምትለው ስለጣማት እንዳልነበር ታውቃለህ። አዝራር ዳኛ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ያኔ ነው የገባት። ፍርዷን ከወንበሯ ሳትነሳ ትሰጥና «ይግባኝ የለውም» ትል ነበር።

እዚያ ላፕቶፕ ላይ የቆመው አንተ የላክልን ፊልም ነው፤ የሥራ ጓደኞችህ ጥሩ ነው ያሉህ፣ ስለ ሁለቱ ወንድማማቾችና ስለ ጀልባዋ። ስሙን ሳነሳ ወሬ የምትቀይረው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አብረን እናየዋለን ብለህ ፈረቃህ አልመች ብሎህ ነበር። ስትጠብቅህ የሞተች እየመሰለህ ከሆነ፣ እንደዚያ አይደለም። እውነቱን ልንገርህ።

ጀምረነዋል። ያን ቀን ቁጭ ብላ መተንፈስ ቀሏት ነበር። አልጋ ላይ አልሆንም ብላ ወንበሯ ላይ ወጣች። ወንድምሽን እንጠብቀው ስላት «ለመጀመር አንጠብቀውም፣ ለመጨረስ እንጠብቀዋለን፤ ይግባኝ የለውም» አለች። እንዲህ ብላ ነው ያስከፈተችኝ።

መሃሉን አልነግርህም፣ ራስህ ታየዋለህ። ያቆምንበትን ብቻ ልንገርህ። ታናሽየው ከወንድሙ ተጣልቶ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከወንዙ ዳር እየራቀ ነው። ታላቅየው የጀልባዋን ገመድ ይዞ ቆሟል። እዚያ ላይ አቁመው።

መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «አይመለስም» አልኩ። «ጀርባውን እዪው፤ እንዲህ የሄደ ሰው አይመለስም።»

ዳኛዋ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነባት፣ ውሃ ሰጠኋት፣ እንደገና ሳቀች። «እማ፣ አንቺ መጋረጃ ብቻ ነው የምታዪው» አለችኝ። «ከጀልባዋ ውስጥ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን አላየሽም? ኮቱን ጥሎ ነው የሄደው። ኮቴን ልውሰድ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ሻይ ይፈላል። ከዚያ ይቀራል።»

«በኮት የተነሳ የቀረ ሰው የለም» አልኳት።

«ወንድ ልጅ ናፈቀኝ ብሎ አይመለስም እኮ፣ እማ። ኮት ያስፈልገዋል።»

ከዚያ ደወልንልህ። ሥራ ላይ ነበርክ፣ አልተነሳም። አልከፋትም፤ ይሄን እወቅልኝ። «ነገ ይናገራል» ብላ ላፕቶፑን ራሷ ከደነችው። በማግስቱ ትንፋሿ ባሰባትና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የሆነውን ታውቃለህ። አንተም የመኖሪያ ወረቀትህ ስላላለቀ መምጣት አልቻልክም። ለዚያም ማንም አልተቀየመህም።

ባለፈው ሳምንት መምህሩ መጽሐፍ ሊያመጡልኝ መጥተው ስለ ጀልባዋ ፊልም ተነሳ። ለካስ አይተውታል። «መጨረሻውማ ...» ብለው ሲጀምሩ ሁለት ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ተነሳሁ። ሰውዬው ያመመኝ መስሏቸው ወንበር ሲያቀርቡ፣ አጠገቤ የነበረችው አዝራር ደግሞ ዝም እንዲሉ በእጇ ስታመለክት፣ ቤቱ የእብድ ቤት መሰለ። ሲረጋጉ ለምን እንደማላየው ጠየቁኝ።

«አንድ ሰው ይቀረናል» አልኳቸው።

መምህሩ ቆባቸውን አነሱ። ከዚያ ለማንም አልናገርም ብለው ወረዱ። አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንዳያመልጣቸው ፈርተው ነው መሰለኝ ሰላምታውንም ያሳጥሩታል።

እንግዲህ ልጄ፣ ተራው የአንተ ነው። ፊልሙን እስከዚያ ድረስ እይና አቁመው። ብቻህን ማየት ከከበደህ ጓደኛ ጥራ። የምታስበውን ጻፍልኝ፣ ወይም እንደ ድሮው እሁድ ደውልና ንገረኝ። እኔ እዚህ አንተም እዚያ ሆነህ በአንድ ጊዜ እንከፍተዋለን። የእሷን ግምት እኔ ይዤላታለሁ። ሳትናገር ከቀረህ አይቀጥልም፤ እኔም ጨርቁን አልገልጠውም። ለመቆጣት አይደለም፣ ሕጉ እንዲያ ስለሆነ ነው።

አንተ ተሳስተህ ዳኛዋ የተናገረችው ከሆነ፣ እንደ ደንቡ ትዘፍናለህ። መስኮቱን ከፍቼ ነው የማዳምጥህ፤ አክስትህም የምትናገረው ታግኝ።

እኔ ቃሌን መቀየር አልችልም። አይመለስም ብያለሁ። ብሸነፍ ግን ቅር አይለኝም፤ ሳህኑን ደስ እያለኝ አጥበዋለሁ።

መንገድህን ያቅናልህ። ከክፉ ሥራና ከክፉ ብርድ ይሰውርህ። የምትበላው ይጣምህ፣ የምትተኛው ይሙቅህ፣ ትንፋሽህ ይርዘምልኝ። አዝራር ሰላም ብላሃለች።

እናትህ