የለምለም መዝገብ

ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ፍርድ ቤት፣ እኔ የምሠራበት መዝገብ ቤት፣ ከሰሃላ በእግራቸው የመጡ አዛውንት ገቡ። አምና አንድ ሹፌር ጠጥቶ ሲነዳ ልጃቸውን ለምለምን ከገበያ ስትመለስ ገጭቶ ገደላት። ያኔ ታመው ስለነበር ችሎት መምጣት አልቻሉም። "ምን ተብሎ እንደተፈረደ ልስማ ብዬ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

"የተከሳሹ ስም ማን ነው፣ አባባ?"

"የልጄ ስም አይበቃም?"

አይበቃም። መዝገብ የምንደረድረው በተከሳሽ ስም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራበት አንድም ቀን ከፍቶኝ አያውቅም ነበር።

"ያን ስም ከቀብሯ ወዲህ ቤቴ ውስጥ አስጠርቼ አላውቅም" አሉና በረንዳው ላይ ወጥተው ቆዩ። ተመልሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ እንደሚያሳፍር ነገር፣ ሹክ አሉኝ።

መዝገቡ ወዲያው ተገኘ። ውሳኔውን አነበብኩላቸው። ስንት ዓመት እንደታሰረ ስነግራቸው፣ "እሷ የት ጋ ናት?" ብቻ አሉኝ። ስሟ ክሱ ላይ አንዴ ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ቦታ "ሟች" ነው የሚላት። አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጣታቸውን ስሟ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

ከሄዱ በኋላ መዝገቡን ልመልስ ተነሣሁና አቃተኝ። ሽፋኑ ላይ፣ ከሱ ስም በላይ፣ በእርሳስ "ለምለም" ብዬ ጻፍኩበት። ክልክል ነው። አለቃዬ ካዩት ጽሑፉን አጥፊው ማለታቸው አይቀርም። ላጲስ አንስቼ እሷን እንዴት አጠፋለሁ?