ድግስ የተጠራው የጃፓን ልጅ

ጥር 24 ቀን 2001 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ለምወድሽ እኅቴ፣ ለእታለም ባዩሽ፤ ቤሩት፤

ከሰላምታ በፊት አንድ ከባድ የኀዘን መግለጫ አለኝና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አምና ቤሩት በምትመላለሰው በጸዳለ እጅ ከላክሽልኝ ነጠላ ጫማዎች መካከል ግራው ባደረበት ድንገተኛ የውሻ ንክሻ ሐሙስ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟቹ በሕይወት ዘመኑ የሴቻን ዳገት ያለ አንዳች ቅሬታ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሲሆን፣ አንድ የቀኝ ጫማ ትቶ አልፏል። ገዳዩ የሻሺቱ ውሻ ነው። ሻሺቱ በራችን ላይ የኩልፎ ሙዝ የምትሸጠዋ ናት። ብከሳት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ውሻዬ ጫማ አይበላም፤ ጫማህ ነው አፉ ውስጥ ገብቶ የተገኘው።»

እዚህ ላይ ፈገግ ካልሽ ደግ። ካላልሽም በራሴ እንጂ ባንቺ አልፈርድም። ስልኩን ከዘጋሽብን ዛሬ ሦስተኛ እሑዳችን ነው። ማዳምሽ የምትፈቅድልሽ ቀን እሑድ መሆኑን ልጅሽ ስለምታውቅ፣ እድላዊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንደ ባንክ ዘበኛ ፊቱ ትቀመጣለች። እኔ ብደውል አታነሺም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጸዳለ ይዛልሽ ትመጣለች። እሷን በር ላይ አቁመሽ እንደማታስቀሪያት አውቃለሁ።

ያን ዕለት ልጅሽ በስልክ የነገረችሽን ቃል ከየት እንዳመጣችው ልነግርሽ ነው። እኔ ስለ መንገዱ ትንፍሽ አላልኩም። በ83 ከአስመራ ስንወጣ ሦስት ልጆች እንደነበርን፣ ሱዳን ስንገባ ሁለት እንደሆንን አታውቅም። ማዕዶት የምትባል አክስት እንደነበረቻት አታውቅም። ስለ ማዕዶት ላለመናገር ያለ ፊርማ የተዋዋልነውን ውል እስከ ዛሬ አላፈረስኩም። ልጅሽ የነገረችሽ ቃል የመጣችው ከፊልም ነው። ፊልሙ ውስጥ ያስገባኋት ደግሞ እኔ ነኝ፤ የራሴ ፈጠራ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው።

እንደምታውቂው በሥራ ቀን ማስታወቂያ መኪና ላይ ተሰቅዬ «ነገ ውሃ አይኖርም» የምል የመንግሥት ድምፅ ነኝ። በእሑድና በበዓል ደግሞ የካሱ ቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ። ሕንድኛ አላውቅም፤ ቻይንኛም አላውቅም። ሕዝቡም ስለማያውቅ እስካሁን ተከስሼ አላውቅም። ለገና ካሱ አንድ ሲዲ ይዞ መጣ።

«ተክሌ፣ የልጆች ፊልም አገኘሁ። የጃፓን ካርቱን።»

«አይተኸዋል?»

«ካርቱን ምኑ ይታያል? አንዱ ያባርራል፣ ሌላው ይሮጣል፤ አለቀ።»

ሰሌዳው ላይም በእጄ ጻፍኩ፦ «ለገና በዓል! ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሆድ የሚያስይዝ የጃፓን ኮሜዲ!»

ፊልሙ የሚጀምረው ከተማ ሲቃጠል ነው። ጦርነት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ትንሽ ወንድሟን የእጅ ጋሪ ላይ አስቀምጣ፣ አያታቸው ወዳሉበት ገጠር መጎተት ትጀምራለች። ከኋላዋ ጭስ፣ ከፊቷ መንገድ። ሥዕል ነው እኮ፤ በእጅ የተሣለ ሥዕል። ግን ጋሪው ድንጋይ ሲመታ ትከሻዋ እንዴት እንደሚነቀነቅ የሣለው ሰው ያየውን ነው የሣለው።

ማይክራፎኑን እዚያች ላይ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ቤቱ ግን ጢም ብሏል፤ የሰፈሩ ልጆች የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም የኔን አፍ ይጠብቃል። «እነሆ የጃፓን የመጀመሪያዋ የባጃጅ ሾፌር!» አልኩ። «ሴቻ፣ ሴቻ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ቤቱ ተናጋ። አውሮፕላኖች ሲመጡ «አትፍሩ፣ የወባ መድኃኒት ሊረጩ ነው» አልኩ። የሰው ደጅ ቆመው እፍኝ ሩዝ ሲለምኑ ባለቤቶቹን «የበቆሎው ኩርኩፋ አልቋል፣ የቀረን የሽፈራው ቅጠል አለኮ ነው» አስባልኳቸው። ከጨንቻ ለበዓል የወረዱት የካሱ ዘመዶች ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ይንፈራፈራሉ።

ከዚያ ልጁ ጋሪው ላይ ተኛ። እኅቱ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ አንዲት ጉርሻ ሩዝ ይዛ መጥታ ወደ አፉ አስጠጋችለት። አልከፈተም። ቤቱ ጭጭ አለ። አንዲት እናት መሐረብ ስታወጣ አየሁ። ጸጥታ ሲሆን ምን እንደሚያደርገኝ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ዝም ከተባለ አንድ ነገር የሚሞት ይመስለኛል። ድምፄን አቅጥኜ፣ እንደ ሕፃን ተኮላትፌ እንዲህ አልኩ፦

«እናንተ ብሉ፤ እኔ ድግስ ተጠርቻለሁ።»

ቤቱ ፈነዳ። ሴትዮዋ መሐረቧን መለሰች። ፊልሙ ላይ ልጁ ሞቶ፣ እኅቱ ባዶ ጋሪ ስትጎትት ሕዝቡ «ተርጉም እንጂ!» ይለኛል። «ድግሱ ረዝሞበት ነው፤ ይመጣል» አልኩ። ደግመው ሳቁ። ሲያልቅ ካሱ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ተክሌ፣ አንተ እኮ ሬሳ ታስቃለህ!» እኔ ሆዬ፣ አመሰገንኩት።

እታለም፣ በሳምንቱ ሲቀላ በሙሉ ድግስ ተጠርቶ ነበር። ባጃጅ ብታስቆሚ ሾፌሩ «ድግስ ተጠርቻለሁ!» ብሎሽ ያልፋል። ሻሺቱ በሙዝ ዋጋ ለሚከራከራት ሁሉ «ሂድ ወንድሜ፣ አንተ ድግስ ተጠርተሃል!» ትላለች። ልጆቹ ደግሞ ከአንድ ግንበኛ የእጅ ጋሪ ተውሰው፣ አንዱ ይተኛል፣ አንዷ ትጎትታለች፣ የተኛው ያቺን ቃል ብሎ ይሞታል። የአስተርጓሚው የእኅት ልጅ ስለሆነች ዋናዋ ሟች እድላዊት ናት። ስትሞት አይቻታለሁ። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን በጋሪው ጠርዝ አንጠልጥላ። ሰው አጨበጨበላት። እኔ ቤት ገብቼ በር ዘጋሁ። ማንም ሳያየኝ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

እሑድ ደወልሽ። ስልኩን ነጠቀችኝ። «እማዬ፣ ስሚ፣ ስሚ፣ ላስቅሽ!» አለች። ተይ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ያቺን ቃል፣ በዚያ በቀጭኑ ድምፅ። ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠግቼ የሰማሁት ያንቺን ትንፋሽ ነው። ቀጥሎ ጥት፣ ጥት፣ ጥት።

«ኔትዎርክ ነው» አልኳት።

በሁለተኛው እሑድም «ኔትዎርክ ነው» አልኩ። በሦስተኛው፣ ማለትም ዛሬ፣ «ጋሼ፣ ጸዳለ ጋ በቀደም ከቤሩት ተደውሏል እኮ። ኔትዎርኩ እማዬን ብቻ ነው የሚጠላት?» አለችኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቷ እየፋቀች «በኔ ነው አይደል የተቆጣችው? ምን ብዬ ነው ያስቀየምኳት?» አለች። ጋሪዋን ትታለች፤ ልጆቹ ሲጠሯት «አልጫወትም፤ እናቴን አስቀየምኩ» ትላቸዋለች። ለከተማው ሁሉ የሚናገር አፍ ይዤ፣ ለአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ስል ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ለማስተካከል ሞክሬ ነበር፤ ይኸውልሽ እንዴት እንደተስተካከለ። ካሱ ሕዝቡ ፊልሙ ይደገምልን እያለ እንደሆነ ሲነግረኝ፣ «እሺ፣ ግን በትክክል ነው የምተረጉመው» አልኩት። ባለፈው እሑድ ተነሥቼ፣ የማስታወቂያ መኪናውን ድምፅ ለብሼ፣ «የተከበራችሁ ተመልካቾች፣ ዛሬ ቀልድ የለም» አልኩ። ከተናገርኳቸው ቀልዶች ሁሉ እንደዚያ ያሳቀ የለም። ከሥዕሉ ሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ በዚያች በምታውቂያት እንግሊዝኛዬ እየተንገዳገድኩ አነበብኩላቸው። ያቺ ጉርሻ ስትመጣ ጠበቅሁ። ከታች ምንም አልተጻፈም። ቀና ብዬ የልጁን አፍ አየሁ። አይንቀሳቀስም። እታለም፣ ልጁ ምንም አላለም ነበር። ዝም ብሎ ነው የሞተው። እኔም ዝም አልኩ።

ቤቱ ግን ዝም አላለም። ልጅ አዋቂው፣ ከጋቢው ሥር ያለው ሽማግሌ ሳይቀር፣ እንደ መዝሙር በአንድ ድምፅ፦ «እናንተ ብሉ! እኔ ድግስ ተጠርቻለሁ!»

ማይክራፎኑን ወንበር ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ካሱ ተከትሎኝ መጣ። «ምነው፣ ታመምክ?»

«እኅቴን በደልኳት» አልኩት። ምን ብለህ ብሎ አልጠየቀኝም። የጨንቻ ሰው ጨዋ ነው።

«በኛ አገር የበደለ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል» አለኝ።

«ካሱ፣ እሷ ያለችው ቤሩት ነው።»

«ምን አለበት? ሣር ኪሎ አይዝም።»

ፖስታው ውስጥ ያለው እሱ ነው። ቆሻሻ መስሎሽ እንዳታራግፊው። እጅሽ እስኪገባ ይደርቃል፤ ስቆርጠው ግን እርጥብ ነበር፤ ተንበርክኬም ነበር፤ የሻሺቱ ውሻ ምስክሬ ነው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እሑድ ደውዪ። ለኔ አይደለም፤ እኔን ከፈለግሽ እስከ ፋሲካ አታናግሪኝ፣ ይገባኛል። «በአንቺ አይደለም» በያት። ሌላ ምንም ማለት አይጠበቅብሽም። እኔ ብላት አታምነኝም፤ አሳቂ ሰው ነኝ።

ሰው ሲበላ እጁን አትዩ ብለሽ አስተምረሽኝ ነበር። እስከ ዛሬ አላይም። እኔን ያዘለ ጀርባሽ አይጉበጥ። የባዕድ ደጅ ይለዝብልሽ። ልጅሽን በስልክ ሳይሆን በዓይንሽ የምታይበትን ቀን ያቅርብልሽ፤ ያን ቀን እኔ በሁለት እግሬ፣ በአንድ ጫማ፣ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ያሳደግሽው ወንድምሽ፣
ተክለጻድቅ

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ መጀመሪያ አካባቢ፣ «እናንተ ብሉ፤ እኔ ድግስ ተጠርቻለሁ» የሚለው ቃል የአስተርጓሚው የራሱ ፈጠራ እንደሆነ ተደርጎ የተገለጸው ስሕተት ነው። ቃሉ ማዕዶት፣ ዕድሜ አምስት ዓመት፣ ከአስመራ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የመጨረሻዋ ዳቦ ለሦስት ስትቆረስ የተናገረችው ነው ተብሎ ይነበብ። የሰው ደጅ ስናልፍ እንዳናፍር «ድግስ ተጠርተናል በሉ» ብላ ቃሉን ያስተማረቻት ታላቅ እኅቷ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥፋት የለባትም። እሷም ልጅ ነበረች። ማዕዶት ስትለው ሁለታችንም አምነናት ድርሻዋን በልተን ነበር። ለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ እንጠይቃለን።