ምክንያቱ ሳይሞላ ስለተላከው የዝውውር ክልከላ

ለክቡር ኦስማን ቪያክሬስ
የወንዙ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፖርቶ ሳን ሄላሲዮ፣ ፔሩ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከሁሉም በላይ ኩላሊትዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዴልፊና ሻፒያማ፣ በወንዙ የላይኛው ዳርቻ ያስተምር የነበረው የቴኦፊሎ ሻፒያማ እህት ነኝ። ስሙ ካልታወሰዎት አይጨነቁ፤ ጽሕፈት ቤትዎም አላስታወሰውም።

በቅድሚያ በገዛ እጅዎ ኮምፒውተር ላይ ስላዘጋጁት የደብዳቤ ቴምፕሌት ምስጋናዬ ይድረስዎት። አርማው ከላይ፣ ፊርማዎ ከታች፣ መሀሉ ተጽፎ ያለቀ፤ ጸሐፊዋ የምትሞላው ስምና ምክንያት ብቻ ነው። «ከእንግዲህ አንድም ባለጉዳይ አይጉላላም» ሲሉ በከተማው ሬዲዮ ሰምተን ተደስተን ነበር።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፤ ወንድሜ ኩላሊቱ ታሞ፣ እጥበት ወደሚገኝበት ከተማ እንዲዛወር አመለከተ። መልሱ ቶሎ ደረሰው፤ ለፍጥነቱ አመሰግናለሁ። «ጥያቄዎ በጥሞና ተመርምሮ፣ [ምክንያቱ እዚህ ይሞላ] በመሆኑ ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። በጀልባ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ወርዶ ጸሐፊዎን ኒልሳን ሲጠይቃት እኔ ደግፌው ቆሜ ነበር።

«ደብዳቤው ላይ የለም እንዴ፣ መምህር?»

«ባዶ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ምክንያት የለም ማለት ነዋ።»

«ከሌለ ታዲያ ለምን ተከለከልኩ?»

«እሱን የሚለው ቴምፕሌቱ ነው። እኔ ከነካካሁት ይበላሻል፤ አለቃዬ ይቆጡኛል።»

እርስዎ ከቢሮዎ መስታወት ጀርባ ሆነው አዩን፤ ከዚያም መጋረጃውን ሳቡት። የታመመ ሰው ማየት እንደሚከብድዎት ስለምረዳ አልተቀየምኩም።

ሁለተኛ፤ ወንድሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ፣ እግሩ አብጦ ጫማ እስኪጠብበት ድረስ አስተማረ። የዝናቡ ወቅት ሳያልፍ ሞተ። የሐዘን መግለጫዎ ለቅሶ ላይ ሳለን ደረሰን፤ «በወይዘሮ ሮሰንዳ ፒኔዶ ኅልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን» ይላል። ሮሰንዳ ማን እንደነበረች አናውቅም፤ ነፍሷን ይማር።

እናቴ ማንበብ አትችልም። «መንግሥት ስለ ልጄ ምን አለ? እስቲ አንብቢልኝ» አለችኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ያየኛል። አነበብኩላት። ሮሰንዳ የሚለው ጋ ስደርስ ቴኦፊሎ አልኩ፤ «ቅን እናት» የሚለውንም «ቅን መምህር» አደረግሁት። ጽሕፈት ቤትዎ የተወውን ሥራ በለቅሶ መሀል በአፌ ሠራሁልዎት። እናቴ ወረቀቱን ሳመችው። ማታ ማታ እርስዎን በስምዎ ትመርቃለች። ምርቃቱን ከላይዎ ላይ መግፈፍ ብችል ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን እውነቱን ልነግራት አልደፍርም።

ለፊርማዎ ውበት፣ ለመጋረጃዎ ውፍረት፣ ለወንበርዎም ምቾት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ዴልፊና ሻፒያማ

ግርጌ፦ ወንድሜ በሥራ ገበታው ላይ ባለመገኘቱ የላኩለት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። በዚህኛው ስሙ በትክክል ተጽፏል። መቃብሩ ላይ አኑሬ ድንጋይ ጭኜበታለሁ። መልሱን በአካል ቀርበው እንዲቀበሉ በትሕትና እጋብዝዎታለሁ፤ ከጎኑ ክፍት ቦታ አለ።