ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃበር በእግሬ

ይድረስ አዲ አርቃይ ለምትገኘው እናቴ

እምዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? የጉልበትሽ ቁርጥማት ክረምቱ ሲወጣ ቀለል አለልሽ ወይ? ማሽላው እንዴት ያዘ? ያቺ ጥጃ ጡት ተወች? አጎቴ ያርጋልስ የዓይኑን ጠብታ በየቀኑ ያደርጋል ወይስ ሲያመው ብቻ ነው ትዝ የሚለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ ደህና ነኝ ስልሽ እንደ ወትሮው አንቺን ላለማስጨነቅ ብዬ አይደለም። አንብበሽ ስትጨርሺ ታምኚኛለሽ።

በስልክ ልነግርሽ ብዙ ሞክሬ ነበር። የሰውዬውን ስም ገና ሳነሳ «አይሰማም፣ አይሰማም፣ ኔትወርኩ ነው» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። መሠረተ ትምህርትን ያህል ነገር በከንቱ አልተማርሽም፤ መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው።

በመስከረም መጨረሻ ተማሪዎቼን ችግኝ ለማስኮትኮት ወደ ቡይት ራስ ይዣቸው ወጣሁ። እነሱ ሲኮተኩቱ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግሬን አሳርፍ ነበር። አንዲት ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ ፈረንጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አገሯ ባሕር የከበባት ትንሽ ደሴት ናት። ዳርዳሩ ሁሉ ገደል ነው፣ ከገደሉ ሥር ባሕር፣ በአፋፉ ላይ ደግሞ የእግር መንገድ አለ። በዕረፍት ቀን ሽማግሌው በምርኩዙ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ያንን አፋፍ ይዞ መሄድ ነው አለችኝ። ፎቶውንም በስልኳ አሳየችኝ። በዚያች በምታውቂያት እንግሊዝኛዬ «መንገዱ ጫፍ ላይ ምን አለ? ገበያ ነው? ቤተ ክርስቲያን?» ብዬ ጠየቅኋት። «ምንም የለም፤ ለማየት ብቻ ነው» ብላ ሳቀች። ቀጥላ «አንቺስ ይሄን የእናንተን ገደል ሄደሽበት ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ከገደሉ ሥር ተወለድኩ፣ ከገደሉ ራስ ላይ አስተምራለሁ፤ አፋፉን ግን ረግጬው አላውቅም። እግሬ ሳይቆረጥ ጊዜ የለኝም እል ነበር፤ ከተቆረጠ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ሰው «ተይ፣ አይሆንልሽም» ይለኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ።

ሴትዮዋ ልትሄድ ተነሣች። በቅሎዋን የሚስብላት ሰው ቀና ሲል ያ ሾፌር፣ ሻረው ሆኖ አገኘሁት።

እምዬ፣ እዚህ ላይ ደብዳቤውን እንዳታጥፊው። እለምንሻለሁ።

አንቺ ያየሽው ሆስፒታል የደረሰውን ነው። መኪናው ውስጥ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ። ያን ዓመት ለፍልሰታ መፍቻ ወደ አንቺ ስመጣ ሊማሊሞን ገና እንደጀመርን ከላይ ናዳ ወረደ፣ ቋጥኝ ከመኪናው ፊት ዱብ አለ። ፍሬን ሲይዝ ሚኒባሱ በጭቃው ተንሸራተተ። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላው በኩል የተራራው ግድግዳ። ሻረው መሪውን ወደ ግድግዳው ጠመዘዘው። የተጨፈለቀው እኔ የተቀመጥኩበት ጎን ሆነ። ሌላው ሰው ሁሉ በእግሩ ወረደ። ወደ ገደሉ በኩል ቢያዞረው ኖሮ አንዳችንም አስከሬናችን እንኳ በወጉ አይለቀምም ነበር። በዚያ ዝናብ የጭነት መኪና እስኪገኝ ድረስ አዝሎኝ ዳገቱን የወጣውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ ልነግርሽ ስል አላስጨረስሽኝም። ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከበሩ ላይ መልሰሽ «ሁለተኛ ዓይኔ እንዳያየው» አልሽው። አልፈርድብሽም፤ የልጅሽን እግር ያጣሽበት ቀን ነበር። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም።

ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ «ደህና ነሽ ወይ መምህርት?» አለኝ። እኔም ሳላስበው «ይሄን አፋፍ ይዤ እስከ ሳንቃበር መሄድ እፈልጋለሁ፤ አብረኸኝ ና» አልኩት። በቅሎ አመጣልሻለሁ፣ በመኪና መንገዱ እንሄዳለን አለ። በቅሎም የመኪና መንገድም አልፈልግም አልኩት። «እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጊ። እኔ ከዚያ ወዲህ ገደል ዳር አልቆምም» ብሎኝ ሄደ። በሳምንቱ ግን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «መቼ ነው?» ብቻ አለኝ።

ጎንደር ሄጄ ሰው ሠራሽ እግሬን ለሠራችልኝ ለስመኝ ነገርኳት። «ገደል ይሄድበታል ብዬ አልሠራሁትም» ብላ ሳቀች። ደግሞ «አይሄድም ያለው ግን ማነው?» አለችኝና ማሰሪያውን አጥብቃ ሰደደችኝ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። ብቻችንን አልነበርንም፣ አታስቢ። የፓርኩ ስካውት፣ ጠባቂው ጋሽ ሙሌ ጠመንጃውን አንግቶ ከፊት ከፊታችን ይሄድ ነበር፤ ወሬው ደግሞ ከጠመንጃው ይበልጣል። ሣሩ ላይ አመዳይ አለ። ጦስኙን በረገጥነው ቁጥር ይሸተናል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከሌሊት ማደሪያቸው ገደሉን ቧጠው እየወጡ ሣር ይነጩ ጀመር፣ ወደ እኛ ዞር እንኳ አላሉም። የመጀመሪያው አፋፍ ላይ ስደርስ እምዬ፣ ከሥሬ ያለው አገር በሙሉ ደመና ለብሶ ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ጣናን ብቻ ነው። ያን ቀን ግን ባሕር ይሄ መሆን አለበት አልኩ። ተራሮቹ ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ብቅ ብሎ ደሴት መስለዋል። ፀሐይዋ ስትበረታ ደመናው ተገለጠና ቆላው ወለል አለ። ጋሽ ሙሌ በጣቱ እያመለከተ «ያ ጭስ የሚታይሽ ወደ አዲ አርቃይ ነው» አለኝ።

ዳገቱ አልከበደኝም፤ የከፋው ቁልቁለቱ ነው። ቁልቁለት ላይ ክብደቴ ሁሉ ከእግሬ በተረፈው ጉማጅ ላይ ያርፋል። ከአስታ ዛፎቹ ጫካ ስንወርድ እንደ እሳት ይፈጀኝ ጀመር። ቁጭ ብዬ እግሩን ሳወልቀው ካልሲው ደም ሆኗል። ጋሽ ሙሌ ደነገጠና «በቃ፣ መንገዱ እዚህ ቅርብ ነው፤ አይሱዙ አስቆምልሻለሁ» አለ። ሻረው አይሱዙም አላለ፣ እንሂድም አላለ። ውሃ አፈሰሰልኝና የነጠላዬን ጫፍ ቀዶ ሰጠኝ። ጠቀለልኩት፣ እግሬን አጠለቅሁ፣ ተነሣሁ። ጋሽ ሙሌ «የማን ልጅ ናት እባካችሁ!» አለ። የማን እንደሆንኩ ነገርኩት።

ሳንቃበር ሊደረስ ሲል መንገዱ ይጠባል። በግራም ገደል፣ በቀኝም ገደል፤ የሚሄዱት በመካከል ባለችው የድንጋይ ጀርባ ላይ ነው። ነፋሱም ይገፋል። ጋሽ ሙሌ ተሻገረ። እኔም ምርኩዜን እየተከልኩ ቀስ ብዬ ከመካከል ደረስኩ። ዞር ስል ሻረው የለም። ከመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ሁለት እጁን ከፊቱ ዘርግቶ ጨብጧል። መሪ ነበር የያዘው እምዬ፤ የሌለ መሪ።

ተመለስኩለት። «አልችልም፣ ሂጂ» አለኝ። «ገደል ባየሁ ቁጥር እጄ ራሱ ያዞራል። ባዞርኩ ቁጥር ጩኸትሽን እሰማለሁ» አለኝ።

«ያን ቀን ወደዚያኛው ብታዞረው ማን ይጮህ ነበር?» አልኩት። ራሴ መለስኩለት። «ማንም አይጮህም ነበር። ተሳፋሪውን ሁሉ ወደ ቤቱ የመለሰው ይሄ እጅህ ነው። እኔ በአንድ እግር ደርሼ ተመልሻለሁ፤ አሁን እጅህን ስጠኝ» አልኩት።

ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። ጭብጡን ከአየሩ ላይ ፈታና እጄን ያዘ። እኔ ከፊት እሱ ከኋላ፣ ጋሽ ሙሌ ከማዶ ጸሎት እያደረሰ፣ ተሻገርነው።

ማዶ ስንደርስ መሬት ይስማል ብዬ ስጠብቅ ሻረው ወደ አፋፉ ሄደ። በገዛ ፈቃዱ፣ ማንም ሳይዘው። እጁን ከአፉ ላይ አድርጎ ባለ በሌለ ድምፁ ወደ ቆላው «እማማ! ልጅዎ ቆማለች!» ብሎ ጮኸ። ገደሉ ተቀበለውና «ቆማለች፣ ቆማለች» እያለ ወደ አንቺ ወሰደው። ሰማሽው ወይ? እኔም እየሳቅሁ እያለቀስኩ ጮህኩ። ጋሽ ሙሌ ጥይት ሊተኩስ ዳዳው፣ የፓርኩ ሕግ ትዝ ሲለው ተወው እንጂ።

ሳንቃበር የገባነው በእግራችን ነው። የካምፑ ሰዎች ጠላ ቀዱልን። ጉማጄ አንድ ሳምንት አብጦብኝ ነበር፣ አሁን ድኗል። ሰኞ ክፍል ስገባ ልጆቹ ከየት እንደሰሙት እንጃ ተነሥተው አጨበጨቡልኝ። ካርታውን ሰቀልኩና ያን አፋፍ በጣቴ ይዤ አስተማርኳቸው።

እንግዲህ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ የንስሐ አባቴ አባ ሰይፈ ሥላሴ ከሁለት ትልልቅ ሰዎች ጋር ወደ አንቺ ይወርዳሉ። የሚመጡበትን ጉዳይ እሳቸው ይነግሩሻል፤ እኔ ብነግርሽ ወጉ አይደለም። አጎቴ ያርጋል ያን ቀን ገበያ እንዳይሄድ፣ ከቤት ይጠብቃቸው። አንቺም ቶሎ እንዳትመልሺላቸው፤ እንደ አባቶቻችን ደንብ ትንሽ አመላልሻቸው። ግን አታብዢው።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ማሽላሽን ከተባይ ይጠብቅልሽ። አንቺም ከወዲያ ሆነሽ መርቂኝ፤ የአንቺ ምርቃት ዳገቱን ይወጣል።

ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ከአጥሩ ውጭ ራቅ ብሎ የሚቆም ሰው ካየሽ ደግሞ ፀሐይ ላይ አታቁሚው። የቆላውን ሙቀት አይችለውም፣ የደጋ ሰው ነው።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከደባርቅ