ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል

ኦገስት 20

ዛሬም ሦስት ብልቃጥ ተሰበረ። የፕሮፌሰር ሊንድቫል ነቅናቂ ማሽን መስታወት መብላት ለምዷል። ሌት ተቀን ብልቃጦቹን ሲያወዛውዝ፣ የሚይዛቸው ሞላ ወይ ይላላና ብልቃጡ ይፈናጠራል፣ ወይ ይጠብቅና አንገቱን ያንቀዋል። ጥፋቱ የማን? የኔ፣ የወርክሾፑ ቴክኒሻን የኖርብ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት የተሰበረ ሁሉ የኖርብ ነው፣ የተሠራ ሁሉ ደግሞ የፕሮፌሰሮቹ።

ከሰዓት አርባ አራተኛውን ሰሌዳ ቀረጽኩ። አንደኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ የፓተንት ግድግዳ አለን። ሰው ለፈጠራው ከዋሽንግተን የፓተንት ወረቀት ባገኘ ቁጥር ስሙ በነሐስ ተቀርጾ እዚያ ይለጠፋል። ቀራጩ እኔ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስም! ግማሹን ፈጠራ በቶርኖ ያወጣሁት በእነዚህ እጆቼ ነው... ይሁን። ሕጉ ያሰበውን እንጂ የሠራውን አያውቅም።

ቨርላ መጣች፣ የላብራቶሪ ዕቃ አጣቢያችን። ስብርባሪውን ልትወስድ ባልዲ ይዛ።

"ዛሬስ ስንት ገደልክ?"

"ሦስት።"

ሞላውን አንስታ አገላብጣ አየችው። "እኔ ቲማቲም ለክረምት በጠርሙስ ሳሽግ የፈላውን ጠርሙስ ከድስት የማወጣበት መቆንጠጫ አለኝ። ሞላ የሚባል ነገር የለውም። ጠርሙሱ በከበደ ቁጥር ይጠብቃል። ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል።"

"ቨርላ፣ ይሄ ምህንድስና ነው፣ ቲማቲም አይደለም።"

"እሺ ጌታዬ" ብላ ባልዲዋን ይዛ ሄደች። ሰው ሁሉ መሐንዲስ ሆነ እኮ!

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ሐኪሙ "የደም ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ ከመጮህ ጻፍ" ስላለኝ ነው። ደብተሩን የገዛችልኝ ባለቤቴ ማርሊስ ናት። ከኔ ጩኸት ያረፈችው እሷ፣ እጁ የዛለው እኔ።

ኦገስት 24

ሁለት ብልቃጥ። አልጮህኩም።

ሴፕቴምበር 11

አዲስ መያዣ ሠራሁ። አራት ክንድ፣ ጫፋቸው ጎማ የለበሰ፣ በሞላ የሚሳብ፣ ወደፈለጉት የሚዞር። ሳየው ራሴን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ፕሮፌሰሩን ጠርቼ ማሽኑን አስነሳሁ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ ብልቃጡ ተወርውሮ እግሩ ሥር አረፈ። ሰውዬው ጨዋ ነው። "ጥሩ አቅጣጫ ይዘሃል" አለኝ።

የቱን አቅጣጫ? ወደ ጫማው?

ሴፕቴምበር 26

መጣልኝ!

ወደ ሥራ ስነዳ፣ የባቡር ማቋረጫው ጋ ቆሜ የጭነት ባቡሩን ስጠብቅ። ሞላ ለምን አስፈለገ? ክብደቱስ? ብልቃጡ ከሥሩ ያለውን ሳህን ሲጫነው ሳህኑ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ሲል ክንዶቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። በከበደ ቁጥር ይጠብቃል! ባቡሩ ማለፉን ያወቅሁት ከኋላ ያሉት ጡሩምባ ሲያቀልጡብኝ ነው።

ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይሄ ጭንቅላት የት ከርሞ ነው? ደግሞስ እስከ ዛሬ እንዴት ማንም አላሰበውም? እንዲህ ቀላል ነገር...

ሴፕቴምበር 27

ንድፉን የወርክሾፑ መዝገብ ላይ ሣልኩት። ደንብ አለን፤ በፈጠራው ውስጥ እጁ የሌለበት ሰው እያንዳንዱን ገጽ አይቶ "አይቻለሁ፣ ገብቶኛል" በሚለው ሥር መፈረም አለበት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ምድር ቤት ያለነው እኔና ቨርላ ብቻ ስለሆንን ሁልጊዜ የምትፈርመው እሷ ናት። እጇን በሽርጧ አደረቀች፣ መነጽሯን አጠለቀች።

"ውይ፣ ይሄ የኔን መቆንጠጫ አይመስልም?"

"ትንሽ ይመሳሰላል" አልኳት።

እንደልማዷ የስሟን ሁለት መነሻ ፊደል ጫር አደረገች። እውነትም የገባት መሰለኝ። ፈጣን ሴት ናት፣ ብትማር ኖሮ የት በደረሰች።

ኦክቶበር 17

አዲሱን መያዣ ሠርቼ ከገጠምኩት ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አንድም ብልቃጥ አልተሰበረም። ፕሮፌሰሩ በየቀኑ እየወረደ ማሽኑን ቆሞ ያየዋል።

ዛሬ ዳና መጣች፣ የዩኒቨርሲቲው የፓተንት ጠበቃ። ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ረጋ ያለች ሴት።

"ኖርበርት፣ ሐሳቡ የእርስዎ ብቻ ነው? የረዳዎት ሰው የለም?"

"የኔ ብቻ።"

አቤት፣ "የኔ ብቻ" አፍ ላይ ስትጣፍጥ! ለፓተንቱ ዘጠኝ የይገባኛል አንቀጽ አድርጋ ታመለክታለች። ስምንቱ ስለ ክንዶቹ፣ ስለ ጎማውና ስለ መዞሪያው፣ ዘጠነኛው ስለ ክብደቱ። እውነተኛው ፈጣሪ እኔ ነኝ የሚል ማረጋገጫ ላይ ፈረምኩ። ከመፈረሜ በፊት ሽንት ቤት ገብቼ ፊርማዬን በናፕኪን ላይ ተለማመድኩ። የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰውዬ።

ኖቬምበር 3

ያሳፍራል፣ ግን ልጻፈው። ሰሌዳዬን ቀረጽኩ።

ፓተንቱ ዓመት ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል ተብያለሁ። ቢፈጅስ? ነሐስ አይሻግትም። ኖርበርት ጄ ከሰኒች። ለፕሮፌሰሮቹ ከምጠቀምበት ፊደል ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ። ትንሽ ነው፣ በዓይን አይለይም።

ማርሊስ ምሳ ዕቃዬን ስታጥብ ውስጡ አገኘችው። "ይሄ ለመቃብርህ ነው?"

ማርች 11

ዓመት ከአራት ወር ጠብቄ መልስ መጣ። የፓተንት መርማሪው አንድ አሮጌ ፓተንት ቆፍሮ አውጥቷል። የኦሃዮ ሰው፣ ከዘጠና ዓመት በፊት። የወተት ጠርሙስ በፈረስ ጋሪ ላይ እንዳይንኳኳ የሚይዝ። አራት ክንድ። ጎማ የለበሰ። በሞላ የሚሳብ። የሚዞር። ሰውዬው እኔ ሳልወለድ የኔን ፈጠራ ፈጥሮ፣ ወተቱን አድርሶ፣ አርፏል።

ስምንቱም አንቀጽ ወደቀ። ዘጠነኛው፣ የክብደቱ፣ ቆመ። "ዋናውም እሱ ነበር" አለችኝ ዳና። ይበቃኛል። የባቡር ማቋረጫው ሐሳብ ነው የተረፈው፣ ያ ደግሞ ከሁሉም የኔ ነው።

ማርች 18

ዳና ጻፈችልኝ። አንቀጾች ሲወድቁ የፈጣሪውን ስም እንደገና ማጣራት ግዴታዋ ነው። በቀረው አንቀጽ ላይ ያለውን ሐሳብ መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው? መቼ? "ሁለት መስመር ይበቃል።"

ሁለት መስመር? ለባቡሩ ብቻ አንድ ገጽ አልሰጠውም? ቀኑን ላረጋግጥ ብዬ ይሄን ደብተር አወጣሁ። ሴፕቴምበር 26... አነበብኩት። ደስ አለኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ለምን? ምናልባት ሌላ ብልህነት ጽፌ እንደሆነ ብዬ።

ኦገስት 20።

"ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል።"

በገዛ እጄ ጽሑፍ። ከነባልዲዋ። ከነ"ቲማቲም አይደለም"። እኔ አልሰማሁም ብዬ አባረርኳት፣ ጆሮዬ ግን ሰምቶ አስቀምጦት ኖሯል። አምስት ሳምንት አቆይቶ ባቡር ማቋረጫ ላይ ሰጠኝ፣ እኔም የራሴ መሰለኝ።

እማማዬ... የራሷን ሐሳብ ራሷን ምስክር አድርጌ አስፈረምኳት!

ማርች 19

የሚያውቀው ማን አለ? እኔና ይሄ ደብተር። የሚነደው ምድጃ ደግሞ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው።

እንዲያው ነው ያልኩት...

ማርች 20

ዓርብ ስለሆነ እንደልማዳችን ጥብስ ዓሣ ልንበላ ወጣን። አልነካሁትም። ማርሊስ ሹካዋን አስቀመጠች። "ዓሣ ካልበላህ ወይ ታመሃል ወይ አጥፍተሃል።"

ነገርኳት። የኔን ዓሣ እየበላች ሰማችኝ።

"ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?"

"ማንም የለም።"

"ቨርላስ?"

"የምታስታውስ አይመስለኝም።"

"ታዲያ ለኔ ለምን ነገርከኝ?"

ሳህኔን ወደ እሷ ገፋሁት። ድንቹንም ጨረሰችው።

እዚህ ላይ እንኳ አልዋሽ። ያን ስም እፈልገዋለሁ። በጣም ነው የምፈልገው። በኮሪደሩ ባለፍኩ ቁጥር ሰሌዳዎቹን እያየሁ፣ አንድ ቀን ብዬ... ሴፕቴምበር ላይ ጡረታ እወጣለሁ። እስከዚያ ሌላ ሐሳብ ይመጣልኛል? ይሄኛውም እኮ አልመጣልኝም!

ማርች 23

ቨርላ ጋ ሄድኩ። እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ውስጥ ነው። ደብተሩን ገልጬ ቆሜ አነበብኩላት፣ እንደ ተማሪ። "ቲማቲም አይደለም" የሚለውንም አልዘለልኩም።

"እኔ ነኝ እንደዛ ያልኩት?"

"አንቺ ነሽ።"

"ትዝ አይለኝም። ስንቱን ነገር እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል?"

"መዝገቡም ላይ የራስሽን ሐሳብ 'ገብቶኛል' ብለሽ ፈርመሻል።"

ሳቀች። ቧንቧውን ዘግታ፣ ገንዳውን ተደግፋ ሳቀች። "ታዲያ አልገባኝም ነበር?"

ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ "ተወው፣ ኖርብ" አለችኝ። "ስምህ እንዳለ ይሁን። ያን ግድግዳ እንዴት እንደምትመኘው ምድር ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ለኔ ምን ይሠራልኛል?"

ይኸው! ራሷ ሰጠችኝ። አመስግኜ መውጣት ብቻ ነበር የቀረኝ። በሩ ጋ ደርሻለሁ።

"ግን..." አለች ከኋላዬ፣ ቀስ ብላ። "እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ስሜ ያለበት ወረቀት ይመጣ ነበር? ከዋሽንግተን?"

"ከነማኅተሙ።"

"እ..." አለችና ወደ ብልቃጦቿ ዞረች።

ያቺ "እ" ገደለችኝ።

ማርች 24

ለዳና ሁለት መስመር ጻፍኩ። የኦገስት 20ን ገጽ ቅጂም አያያዝኩ። "ቲማቲም አይደለም" የሚለውን በጣቴ ሸፍኜ ኮፒ ላደርገው ሞክሬ ነበር። ጣቴ አብሮ ወጣ። በድጋሚ ሳልሸፍን አነሳሁት።

ወዲያው ደወለች። "ኖርበርት፣ ይሄ ምን እንደሚያመጣ ገብቶዎታል? የወደቁት ስምንቱ የወተቱ ሰውዬ ናቸው። የተረፈው የእሷ ሐሳብ ብቻ ነው። የእርስዎ ስም በጋራ እንኳ አይገባም፣ ሙሉ በሙሉ ይወጣል።"

"ማሽኑን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።" አልቻልኩም፣ አመለጠኝ።

"አውቃለሁ። ግን ሕጉ..."

"ያሰበውን ነው የሚያውቀው። አውቃለሁ፣ ልጄ።"

ከዚያ የቨርላን ሙሉ ስም እንድልክላት ጠየቀችኝ። አፌን ከፈትኩ... አላውቀውም። ሃያ ስድስት ዓመት በየማለዳው "ደህና አደርሽ" ስላት፣ በየገጹ ሁለት ፊደል ስታስቀምጥልኝ፣ አንድ ቀን ሙሉ ስምሽ ማን ነው ብያት አላውቅም። ወርጄ ጠየቅኳት። በእርሳስ ጻፈችልኝ፣ ሁለት ጊዜ፣ "እንዳይሳሳቱ" ብላ። ቨርላ ሜ ስኮግ።

ኤፕሪል 2

ቨርላን የፈጣሪነት ማረጋገጫው ላይ አስፈረምናት። ለፊርማው ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ፊርማዋን ከኔ በተሻለ ቀጥ አድርጋ ፈረመች፣ ያለ ልምምድ።

ሴፕቴምበር 29

የመጨረሻ የሥራ ቀኔ። ፓተንቱ ባለፈው ሳምንት ወጥቷል። አርባ ዘጠነኛው ሰሌዳ።

መጋዘኑ ነሐስ ሞልቷል። እኔ ግን መሳቢያዬን ከፈትኩና የዛሬ ሁለት ዓመት የቀረጽኩትን አወጣሁ። ገለበጥኩት። ጀርባው ንጹሕ ነበር። ሞርሳ ላይ አሰርኩትና የቨርላን ስም ቀረጽኩ። በዚያው ከፍ ባለው ፊደል። ይሄኛው በዓይን ይለያል፣ ይለይ!

ቨርላ ያለ ሽርጥ መጣች፣ ከእህቷ ጋር። ሽርጥ ሳታደርግ አይቻት ስለማላውቅ መጀመሪያ አልለየኋትም። ሰሌዳውን ተቀብላ ፊደሎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው። ከዚያ ብሎኑ የሚገባበትን ልታይ ገለበጠችው።

ኖርበርት ጄ ከሰኒች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ነሐስ አልቆብን ነው።"

"ውሸታም።"

አየችው። እኔን አየች። ልታለቅስ ነው ወይስ ልትስቅ፣ አልለየሁም። መነጽሯን አስተካከለችና ልክ እንደ ጠዋቶቹ፣ ልክ እንደዛ፦

"አይቻለሁ" አለች። "ገብቶኛል።"

ስሜን ወደ ግድግዳው አዞረችው። አራቱንም ብሎን ራሷ አጠበቀች። እኔ መሰላሉን ያዝኩላት።