ከመረብህ የተቆረጠው እርሳስ

ውድ ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ ከጓሮ፣ እርሳስ ታቀልጥበት ከነበረው ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ምድጃው ጠፍቷል፤ ድስቱም ባዶ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ምንም እንኳ ከማናችንም በፊት የምታውቀው አንተ ብትሆንም።

በጀልባህ ወጥተህ ካልተመለስክ ወዲህ ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ለመረብ ማስመጫ የሚሆነውን እርሳስ አቀልጣለሁ፣ ቅርጹ በተፈለፈለበት ማፍሰሻ ድንጋይ ላይ አፈሳለሁ፣ ለአጥማጆቹ እሸጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ይስቁብኝ ነበር። «ቁንጫ ደግሞ እርሳስ ልትሸከም?» ይሉኛል፣ አንተ ባወጣህልኝ ስም። አሁን የቸገረኝ ቀልዳቸው ሳይሆን የእርሳሱ መጥፋት ነው። ጎሚስታው ከመኪና ጎማ ላይ የሚነቅላቸውን የእርሳስ ማመዛዘኛዎች በጣሳ ሞልቶ ይሰጠን እንደነበር ታስታውሳለህ። ዛሬም አይነፍገኝም፤ ግን አብዛኛው ብረት ሆኗል። በምስማር ስቧጭረው እሺ አይልም፤ እሳት ላይ ቢውልም አይቀልጥም። «ምን ላድርግልሽ እህቴ፣ ዘመኑ ራሱ ደርቋል» ይለኛል። የባትሪ እርሳስ በርካሽ ሞልቷል። እሱን ግን «መርዝ ነው፤ ደጃፋችንን እንዳያልፍ» ብለኸኛልና አልነካሁትም።

በዚህ መሃል ነው ቁራሌው ዛሬ ጠዋት አንድ ጆንያ በጋሪ እየገፋ የመጣው።

«ይኸውልሽ፣ ጥርት ያለ እርሳስ» አለኝ። «ከብረት ዋጋ ብዙም አላስበለጥኩብሽም። ሚስቴ ብትሰማ ዛሬ ደጅ ነው የማድረው።»

«ሚስትህ እኔን ታውቀኛለች፤ አስታርቃችኋለሁ» አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጋሼ።

ጆንያው እርጥብ ነበር። ውሃ የነካው እርሳስ የቀለጠው ላይ ሲገባ እንደሚፈነዳ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ክንድህ ላይ የቀረው ጠባሳም ምስክር ነው። ስለዚህ እሳቱን አቀጣጥዬ፣ እስኪበረታ ድረስ እርሳሱን ቆርቆሮ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ አስመታሁት። ጭቃውን በጨርቅ ስጠርግ አውራ ጣቴ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ሌላውን አነሳሁ። እሱም ላይ አለ።

መስመሩን ታውቀዋለህ። የመጀመሪያውን ማፍሰሻ ድንጋይ ስንፈለፍል ቢላው አመለጠህና ጉድጓዱን በሰያፍ ሰነጠቀው። እዚያ ላይ የፈሰሰ እርሳስ ሁሉ ጎኑ ላይ ቀጭን መስመር ጎልቶበት ይወጣል። ድንጋዩን እንጣለው ብልህ «ተይው፣ ለራሴ መረብ ይሁነኝ። ዓሣ እንደሆነ አያማርጥም» አልከኝ። ለሰው የምንሸጥበትን ሌላ ድንጋይ ፈለፈልን። መስመር ያለበት እርሳስ ያንተ መረብ ላይ ብቻ ነበር።

እሳቱን እንደነደደ ትቼ ወደ ቁራሌው ግቢ ሄድኩ። ሚዛኑ ላይ የተሰበረ ቧንቧ እየጫነ ነበር።

«ያን እርሳስ ከማን ገዛኸው?»

«ምነው፣ የተሰረቀ ነው እንዴ? እኔ ሌባ አላውቅም፤ ሌባም እኔን አያውቀኝም።»

«የወንድሜ ነው» አልኩት።

ቧንቧውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። በሐይቁ ታችኛው ዳርቻ ያሉ አጥማጆች እንደሸጡለት ነገረኝ። ሐይቁ ሲጎድል የሰመጠች ጀልባ ታየቻቸው። መረብ ተጠምጥሞባታል። መረቡ በስብሶ ስለነበር እርሳሱን ብቻ ቆርጠው አመጡለት።

«ጀልባዋ ምን ትመስላለች አሉህ?»

«ሰማያዊ ናት አሉ። አፍንጫዋ በዘይት ቆርቆሮ ተጥፏል።»

ያን ቆርቆሮ ስትመታ ምስማሩን አቀብልህ ነበር።

«ሰውስ?»

«ስለ ሰው አልነገሩኝም፣ እህቴ። እኔም አልጠየቅኩ።»

እማዬ ምን ብላ እንደኖረች ልንገርህ። ከመጥፋትህ በፊት «ይሄ ሐይቅ ሰልችቶኛል፤ አንድ ቀን ጥዬው ነው የምሄደው» ብለሃት ነበር። እሷ ያንን ቃል አጥብቃ ያዘች። «ልጄ ኮብልሎ ነው እንጂ አልሞተም። ሰምጦ ቢሆን ጀልባዋ ትገኝ ነበር» ትላለች። ልቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ከደጅ መለሰቻቸው። የበሩንም መቀርቀሪያ ከዚያ ወዲህ ነክታው አታውቅም፤ በመጣህ ሰዓት ደጅ እንዳትቆም ብላ።

ስመለስ እሳቱ በርትቶ ድስቱ ግሏል። እውነቱን ልንገርህ፣ ላቀልጣቸው አስቤ ነበር። እርሳስ ቶሎ ይቀልጣል። መስመሩም ይጠፋል፤ እማዬም በሯን ክፍት አድርጋ ትኖራለች። አንዱን በመቆንጠጫ ይዤ ድስቱ አፍ ላይ አደረስኩት። እጄ አልለቀው አለ።

«ምነው፣ እሳቱን በከንቱ ታነጂዋለሽ?» አለችኝ እማዬ ከኋላዬ።

መጥታ ቆርቆሮው አጠገብ ቁጭ አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ መረብህን ስትጠግን የኖረው ጣቷ ግን ደህና ነው። አንዱን አንስታ አገላበጠችው። አውራ ጣቷ መስመሩን አገኘው፤ ሄደበት፣ ተመለሰበት።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ቁራሌው ነው ያመጣው።»

እርሳሱን ከመዳፏ ሳትለቅ ቀና አለች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ጀልባዋስ?»

«ተገኘች፣ እማዬ።»

አልጮኸችም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ እሳቱ በራሱ ጊዜ ከሰለ። ከዚያ አንዱን እርሳስ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና «የቀሩትን አታቅልጪያቸው» አለችኝ። «የልጄ ሥራ ምን ጎደለው? መረብ ላለው ስጪ።» እሰጣለሁ። ተመልሰው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ፤ አሁን ግን ከሰው መረብ ጋር ይወጣሉ።

ነገ ልቅሶ ደራሾች ይመጣሉ፤ ጎረቤቶች አግዳሚ ወንበር ማምጣት ጀምረዋል። ሰው ሲቀልል ወደ ታችኛው ዳርቻ ወርጄ ያረፍክበትን ውሃ አየዋለሁ። ይህን ቃል እሰጥሃለሁ።

አሁን መሽቷል። እማዬ ቅድም ተነስታ በሩን ልትቀረቅር ሄደች። መቀርቀሪያው ዝጎ አልንቀሳቀስ አላት። በመዳፏ መታችው፣ በትከሻዋም ሞከረችው።

«ነይ እስኪ ቁንጫ፣ እጅሽን አምጪ» አለችኝ።

አንተ ባወጣህልኝ ስም ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። እጇ ላይ እጄን ደርቤ አብረን ገፋነው።

ደህና እደር፣ ጋሼ።

እህትህ፣ ቁንጫ