የአስካለ አንቀልባ

ጳጉሜ 1፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ዛሬም ዲዲቲ ስረጭ ዋልኩ። የረሃብተኞቹን መጠለያ ቅማል ወሮታል፤ ተስቦ ከገባ አለቅን። የደሴው ጤና ጥበቃ ትእዛዝ ግልጽ ነው፦ ቡትቶ ሁሉ ይቃጠል። አቃጠልኩ። ድሪቶውን፣ ነጠላውን፣ አንቀልባውንም ጭምር። ሴቶቹ ለአንቀልባ አለቀሱ። ለቁርበት ይለቀሳል? ደብተሬ፣ አንተ እንኳ አትፍረድብኝ። እዚህ መካነ ሰላም ድሬሰሩ፣ ቁስል አጣቢውም መርፌ ወጊውም፣ እኔ ብቻ ነኝ።

ከሰዓት አስካለ ወለደች። ከወግዲ በእግሯ የመጣች ናት፤ ባሏ መንገድ ላይ ቀረ። ሴት ልጅ፣ ያለ ወሯ የመጣች። ከጡጫዬ ብዙም አትበልጥም።

ጳጉሜ 2፣ ጠዋት

አስካለን አተኮሳት። ልጅቷን ለየኋት፤ የመድኃኒት ካርቶን፣ ጥጥ፣ ክዳን። ንጹሕ ነው። ሌሎቹም ጨቅላዎች በየካርቶናቸው ተደርድረዋል። ገንፎ የሚያገነፉልን እትዬ ማንጠግቦሽ፣ አዋላጇም እሳቸው ናቸው፣ ገላ ላይ ካልዋለች አትሞቅም ይሉኛል። አልሰማኋቸውም። ስወጣ ስገባ ዋልኩ።

ጳጉሜ 3፣ እሑድ፣ 8 ሰ.

የሩፋኤል ዝናብ። ልጆቹ ጠበል ነው ብለው ራቁታቸውን ይራገጣሉ። እኔ ካርቶኑን ከፈትኩ። ቀዝቅዛለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ለእናቷ ምን እላለሁ?

እትዬ ማንጠግቦሽ መነተፉኝ። በቀሚሳቸው አንገት አስገብተው ጡታቸው መሃል ወሸቋት፤ በመቀነት ጠፈሯት። ጮህኩባቸው። አብሽር ልጄ፣ አሉኝ፤ ገንፏቸውን ማማሰል ቀጠሉ። ሰዓት ያህል ቆይቶ ከቀሚሳቸው ውስጥ ጭው ጭው የሚል የጫጩት ድምፅ ተሰማ። ወጥቼ ዝናቡ ላይ ቆምኩ። አፈርኩ፣ ደብተሬ። በጣም አፈርኩ።

ጳጉሜ 5

ሳላምን ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ካርቶኑ ውስጥ ሳስተኛት ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ እትዬ ደረት ላይ ስትመለስ ይስተካከላል። ወተቱንም በማንኪያ እዚያው ሆና ትውጣለች። በአራተኛው እጄን በጥፊ አሉኝ። እናቶቹን ሁሉ ልጆቻችሁን ውሰዱ፣ እዘሉ አልኳቸው። በምን እንዘል? አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በምን ይዘሉ!

መስከረም 1

የእትዬ ወገብ ተያዘ። ቀና ማለት አቃታቸው። ሌሎቹ እናቶች የየራሳቸውን ይዘዋል፤ አቅምም የላቸው። ማን ቀረ? ሸሚዜን ፈታሁ። ጎረምሶቹ ከበቡኝ፦ ገንፎ ይገንፋልህ፣ ሦስት እልልታ ይገባሃል! ይሳቁ። እግሯ ሆዴ ላይ በረዶ ነው።

መስከረም 2፣ ሐሙስ

ንጉሡ ወረዱ። ሬዲዮ ተናገረ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔ መሮጥ አልችልም፤ ተኝታለች። ደግፌያት በዝግታ አደባባይ ደረስኩ። አንድ ሽማግሌ እህሉስ? ብለው ጠየቁ።  ከእንግዲህ ከደሴ ማን ያዘኛል? ቁጭ ማለት አቃተኝ። ብቀመጥ ታለቅሳለች፣ ብሄድ ዝም ትላለች። ስንዞር ዋልን።

መስከረም 5፣ እሑድ፣ 4 ሰ.

አስካለን ትኩሳቱ ለቀቃት! ልጇን ሰጠኋት። ሳመቻት፣ አሸተተቻት። ከዚያ አንቀልባዬስ? አለች።

የአስካለ እናት ስድስት ልጅ ያዘለችበት ነው። በሬው ሲሸጥ አስካለ እሱን አልሸጠችውም። መንገድ ላይ ሰው ቁርበት ቀቅሎ ሲበላ፣ እሷም ስትራብ፣ አልነካችውም። ለዚህች ልጅ ብላ።

አቃጠልኩት አልኳት።  ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። የምተኛበት ቁርበት አለ፣ ቆርጬ እሰፋልሻለሁ አልኳት።  ልጅቷን መልሳ ደረቴ ላይ አስቀመጠች።

እስኪደርስ እርስዎው ይዘሏት፣ አለች።

ቁርበቱን አውጥቼ ቀደድኩ። ዛሬ መሬት ላይ እተኛለሁ። የተቃጠሉት ሁሉ እስኪተኩ እሰፋለሁ፤ ካርቶኖቹን ግን ለእሳት። ደሴ የፈለገውን ይበል። አሁን ወስፌ ፍለጋ ልወጣ ነው። ጽሑፌ የተጣመመው እሷ ክንዴ ላይ ስላለች ነው፤ ይኸው ነቃች፣ ቆይ